የባልዳን ዳማ እና የሸረቭ ጉራቻ

ባሌ ሎዶይ ያን ሰሞን አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው። ድንኳን ውስጥ ይገባል፣ ልጓም ያነሳል፣ መልሶ ይሰቅላል፣ ይወጣል። ሻይ ስቀዳለት ቆሞ ይጠጣል። ከብቶቹን አይቶ ይመለስና ያላያቸው ይመስል እንደገና ይሄዳል።

ነገሩ የመጣው በሬዲዮ ነው። የፈረስ እሽቅድምድም የሚደረግበት የሐምሌው በዓል ሲቃረብ የአውራጃው ጣቢያ ለስመ ጥር ፈረስ አሰልጣኞች አንድ ጥያቄ ያቀርብ ነበር፦ በአገራችን ከሮጡት ፈረሶች ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው? በበረሃው አፋፍ የሚኖሩት ሽማግሌው ዳምባ ተራቸው ሲደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ምን ጥያቄ አለው! የሸረቭ ጉራቻ ነዋ» አሉ፤ የወረዳቸው ሰው ፈረስ ነው። ጋዜጠኛው «የባልዳን ዳማስ?» አላቸው። «እሱም ደህና ፈረስ ነበር» አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም፣ «ለደመና ቀን።»

ባልዳን የባሌ አባት ናቸው። ብርዱ ሊያበቃ ሲል ነው ያረፉት። ዳማውን ከውርንጭላነቱ ያሳደጉትና አምስት የሐምሌ በዓል በተከታታይ ያሸነፉበት እሳቸው ናቸው። ሎዶይ በለቅሶው ጊዜ ብዙም አላለቀሰም። በሬዲዮው ግን እንቅልፍ አጣ።

«ለደመና ቀን!» ይላል ጎኑን እያገላበጠ። «ሰምተሻል ናራ? ለደመና ቀን!»

«ሰማሁ እኮ። ወይ ሂድና ፊት ለፊት ንገራቸው፣ ወይ እኔን አስተኛኝ።»

ሲነጋ ዋዝ መኪናችንን አስነስቶ ጠበቀኝ። መንገዱን ሙሉ ከመሪው ጋር ሲከራከር ነበር። የዳምባን ጥያቄ በዳምባ ድምፅ ይጠይቃል፣ በራሱ ድምፅ ይመልሳል፣ ሁልጊዜም እሱ ያሸንፋል። ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ጥልቀቱን እንኳ ወርዶ አላየም፤ ውሃው በበሩ ስር ገብቶ እግሬን አራሰኝ።

«ውሻችሁን ያዙ!» ብለን ደረስን። የሽማግሌው ልጅ ኻንዳ ከውርንጭሎቹ መካከል ወጥታ ውሻውን ያዘችልን። ዳምባ ቀጫጫ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ከየት እንደመጣን ስንነግራቸው ሎዶይ የአባቱን ስም ዋጠው፤ «ከወንዝ ማዶ ነን» ብቻ አለ። ሱረት ተለዋወጡ። የባዝራ ወተት ቀረበ። ከዚያ ዳምባ እንደ ወጉ ጠየቁ፦

«ብርዱን እንዴት ከረማችሁ?»

«ደህና።»

«ከብቱ ጠገበ?»

«ጠገበ።»

«ሣሩስ?»

ሎዶይ ከዚህ በላይ አልታገሠም። ስለ ሣሩ ሲጠየቅ የወተቱን ሳህን ቁጭ አደረገው።

«አባቴ፣ በሬዲዮ የተናገሩት ልክ አይደለም። የባልዳን ዳማ አምስት ጊዜ አንደኛ ወጥቷል። ጉራቻው ሦስት ነው ያለው።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «አምስቱም ዝናብ ወይ ደመና! ፀሐይ የወጣበት ዓመትስ? ስንተኛ ሆነ? ንገራት ለሚስትህ!»

«ሰባተኛ። ግን ኮቴው ውስጥ ጠጠር ገብቶበት ነው።»

«የተሸነፈ ፈረስ ሁሉ ጠጠር አያጣም!»

«ጉራቻውማ ከገዛ ወረዳው ወጥቶ መች ሮጠ? የጎረቤት ፍየል መቅደም ጀግንነት ነው?»

«ፍየል? ፍየል አልክ?» ሽማግሌው ሱረታቸውን ምንጣፉ ላይ ደፉት። ከዚያ በድንገት ሎዶይን አተኩረው አዩት። «ይሄን አገጭ አውቀዋለሁ። አንተ የባልዳን ልጅ ነህ!»

ተነሡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ይፈጥናሉ ብዬ አልጠበቅሁም፤ ከድንኳኑ ወጥተው ወደ ዋዟ ተጣደፉ። «ያ አሮጌ ቀጣፊ! መኪና ውስጥ ተደብቆ ልጁን ይልክብኛል? ና ውረድ ባልዳን! ወንድ ከሆንክ ውረድ!» እያሉ በሩን ከፈቱ።

ወንበሩ ላይ የእኔ ካፖርት ብቻ ነበር። ወደ ኋላ ወንበሩም አንገታቸውን አሰገጉ።

«የት ደበቅኸው?»

ሎዶይ ወደ መኪናዋ ቀረበ። «አባቴ አረፉ» አለ። «ብርዱ ሊያበቃ ሲል።»

የዳምባ እጅ በሩን እንደያዘ ቀረ። ኻንዳ ቀስ ብላ መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«አልሰማንም» አለች። «እዚህ ማን ይነግረናል?»

«ሬዲዮ ላይ የተናገርኩት እንዲመጣ ብዬ ነው» አሉ ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ። «ስንት ጊዜ ና ብዬ ላክሁበት፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይላል። ያ ሰው በመልካም ቃል ተጠርቶ መጥቶ አያውቅም። ዳማውን ከነኩበት ግን ወንዝ አያቆመውም።»

«አባቴ በሬዲዮ ከተናገረበት ቀን ጀምሮ አቧራ በተነሣ ቁጥር መጣ ብሎ ይወጣል» አለችኝ ኻንዳ በጆሮዬ። «እህል እንኳ ተቀምጦ አልበላም።»

ሎዶይ የመኪናዋ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ከሬዲዮው ወዲህ ሰውነቱን ሲያሳርፍ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ፣ «እንግዲያው የተናገሩት የልብዎን አልነበረም። ዳማው ይበልጣል» አለ።

ዳምባ ቀና አሉ። «ምነው ልጄ! ለሞተ ወዳጄ እዋሻለሁ? ጉራቻው ይበልጣል።»

ሎዶይ ብድግ አለ፤ ሊቆጣ ነው ብዬ ክንዱን ያዝኩት። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «ጠጠር የሚባል ነገር አልነበረም። ሙቀቱ ነው የጣለው። አባትህ የመጠጥ ውሃውን በሙሉ ፈረሱ ራስ ላይ አፍስሶ፣ እስከ ቤቱ በእግሩ እየሳበው ሄደ። የአባትህ ከንፈር በጥም ተሰነጣጥቆ ነበር። ጠጠሩን የፈጠረው ሰው ፈረሱን እንዳያማበት ነው።»

ባሌ መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ሽማግሌው ጀርባውን መታ መታ ያደርጉለት ነበር፤ ፈረስ የሚያረጋጉ ይመስላሉ።

ከሰዓት በኋላ ደረቅ አይብ ጭነውልን ተሰናበትን። ሎዶይ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ግን ፍሬኑን ረገጠ።

«ምን ሆንክ?»

«ጉራቻው በጭቃ ሮጦ ያውቃል? አንድ ቀን! አንድ ቀን እንኳ ያውቃል?»

«ሎዶይ፣ ይመሻል።»

መሪውን ወደ ኋላ አጠማዘዘ። ስንመለስ ሽማግሌው ገና ከቆሙበት አልገቡም ነበር። ባሌ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት መጮህ ጀመረ፤ እሳቸውም ሳያስጨርሱት ይመልሱለት ነበር። ኻንዳ የወተት ባልዲ ይዛ በምልክት ጠራችኝ፤ እኔም ወረድኩና ባዝራዎቹን ልናልብ አብረን ሄድን።