የሦስተኛው ኩርባ ዳኛ

"ፍሬን ያዢ! ዳኒትሳ፣ ፍሬን!" ብሎ ጮኸ ግሮቨር። ማን ሊሰማው! ሁለቱ ሞተሮች የመጨረሻውን ዝላይ ወርደው ወደ ሦስተኛው ኩርባ እየተምዘገዘጉ ነበር። ከፊት ቁጥር 14፣ የክርስትና ልጁ ጃስማኒ። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ከኋላው ቁጥር 27፣ የገዛ ልጁ ዳኒትሳ። ጃስማኒ ለመታጠፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ ዳኒትሳ በውስጥ በኩል ገባች። ያኔ ነው ግሮቨር ቀኝ እጇን ያየው። ፍሬኑ ላይ መሆን የነበረባቸው ሁለት ጣቶች ተዘረጉ፤ ለቀቀችው። የፊት ጎማዋ የጃስማኒን የፊት ጎማ መታው፣ ልጁ ከነሞተሩ ተንከባለለ፣ አቧራው ሁሉን ነገር ዋጠው። ቁጥር 27 ከአቧራው ወጥታ ወደ መጨረሻው መስመር በረረች።

ግሮቨር ቢጫውን ባንዲራ እያውለበለበ ወደ ወደቀው ልጅ ሮጠ። ጃስማኒ ተነሥቶ ቁጭ ብሎ ከሄልሜቱ ውስጥ አሸዋ ያራግፋል።

"አንገትህን አዙር እስቲ። ጣቶችህን አንቀሳቅስ!"

"ደህና ነኝ አባቴ። ሞተሩን ብቻ ያንሱልኝ።"

"ምንድን ነው የሆነው?"

ጃስማኒ አቀርቅሮ ጓንቱን አጠበቀ። "ተንሸራተትኩ።"

"ማንም አልነካህም?"

"ራሴ ነኝ የወደቅኩት አልኩ እኮ! በዚህ ሁሉ አቧራ እርስዎስ ምን ሊያዩ ይችላሉ?"

ይህን ብሎ ሞተሩን አስነሣና ሄደ። ሁሉን ሲመራ የነበረው ልጅ አራተኛ ሆኖ ገባ። አንደኛዋ ዳኒትሳ ነበረች። የሜዳው ሰው በሙሉ ስሟን እየጠራ ሲጮኽ ግሮቨር ኩርባው ላይ ብቻውን ቀረ። ኪሱ ውስጥ ጥፋት የሚጻፍበት የዳኛ ካርድና ጫፏ የተነከሰ እርሳስ ነበሩ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና መልሶ አወጣው።

የአልጋሮቦ ክለብ ዳኛ ቀጥሮ አያውቅም። ከኪያኮሎ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ሜዳ ሲሠራ አባቶቻቸው ኩርባዎቹን እንደ እርሻ ተከፋፈሉት፤ ለአንድ ኩርባ አንድ ቤተሰብ። ድንጋዩን የሚለቅመው፣ ውሃ የሚያርከፈክፈው፣ በካርኒቫል ማክሰኞ ለምድሪቱ ቺቻ የሚሉትን የበቆሎ ጠላ የሚያፈስላት፣ በውድድር ቀን ባንዲራ ይዞ የሚቆመው ያ ቤተሰብ ነው። ሦስተኛው ኩርባ የክላሮሶች ነው። ግሮቨር ክላሮስ ከአባቱ የወረሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አውራ ጎዳናው ዳር ያለችውን የጎሚስታ ሱቁንና ይህችን ኩርባ። ዘመድ በዘመዱ ላይ እንዴት ይዳኛል ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ ይሳቅበታል፤ እዚህ አገር ዘመድ ወይም አበልጅ ያልሆነ ሰው ከየት ይመጣል? ለዚህም መላ አላቸው። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሲያበቃ የክለቡ ጸሐፊ መዝገብ ይዘው በየሞተረኛው ይዞራሉ። አንድ ሞተረኛ እንኳ "እሱን አላምነውም" ካለ ኩርባው ለሌላ ቤተሰብ ያልፋል። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሞተረኛ አልተገኘም።

የዛሬው ደግሞ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር። አንደኛ የወጣ ታሪሃ ከተማ ሄዶ በአገር አቀፉ ውድድር ለክፍለ ሀገሩ ለኮቻባምባ ይሰለፋል። ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ኩርባ፣ በዚሁ ውድድር፣ ጃስማኒ በጎን ገብቶ ዳኒትሳን ጥሏት ነበር። የትከሻዋ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰበረ። ታሪሃ የሄደው እሱ ነው። ከመሄዱ በፊት ግን ሳምንቱን ሙሉ የምትወደውን የቀረፋ በረዶ በኩባያ ይዞ አልጋዋ አጠገብ ሲያለቅስ ከረመ። "ተንሸራትቼ ነው፣ በኡርኩፒኛዋ እመቤታችን!" ይላል። ግሮቨር ልጁን አልጠላውም፤ ክርስትና ያነሣውን ልጅ እንዴት ይጠላል? እንቅልፍ ግን አጣ። በመጋቢት ስብሰባ ተነሥቶ ሕግ ይውጣ አለ። ክንድ ለክንድ፣ ጉልበት ለጉልበት መገፋፋቱ ይሁን፤ ኩርባ ላይ ግን ጎማውን ከሌላው የፊት ጎማ ጋር አጋጭቶ የጣለ ከውድድሩ ይሰረዝ።

የጃስማኒ አባት ሊምበርት ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። "ሳንነካካ እንሽቀዳደም? እንግዲያውስ በየተራ እየነዳን ሰዓት እንያዝ! አበልጄ፣ ይሄ ሞተር ነው እንጂ የቁርባን ሰልፍ አይደለም!" አለና ቤቱን በሳቅ ሞላው።

"ዛሬ ትከሻ ነው፤ ነገ አንገት ይሆናል" አለ ግሮቨር። ተጨማሪ ሊናገር ሲል በሰው ፊት እንባው መጣ። ሕጉን ያሳለፈው ያ እንባ ነው ይላሉ። በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ። እጃቸውን ለተቃውሞ ካወጡት መካከል አንዷ ዳኒትሳ ነበረች። "የግሮቨር ልጅ ሕግ ብለው ሊጠሩት ነው! አዋረድከኝ!" ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ካርዱን ይዞ ቆሟል።

ሊምበርት በአንድ እጁ በቅል ቺቻ፣ በሌላው ባርኔጣውን ይዞ ኩርባውን ወጣ። መጀመሪያ ለምድሪቱ ጠብ አደረገ፣ ከዚያ ለአበልጁ አቀበለው።

"ጠጣ፤ ፊትህ አመድ መስሏል።"

"አየህ?" አለ ግሮቨር።

"እኔ ያየሁት አቧራ ነው።"

"ሊምበርት፣ ልጅህ ነው የወደቀው።"

"ልጄ ተንሸራተትኩ ብሏል፤ እሱን አምናለሁ። ደግሞ እኔ ያንን ሕግህን አልመረጥኩም፤ አልፈልገውም። ልጅቷ አንድ ዓመት ሙሉ ትከሻዋን እያሸች ስትለማመድ አይቻለሁ። እና ማን እንደሚሄድ አስበሃል? ሁለተኛ የወጣው ከፑናታ ከተማ የመጣው ልጅ ነው! ያንተም አይሄድ፣ የኔም አይሄድ፣ ለማናውቀው ሰው ልትሰጠው?"

"የፑናታው ልጅ ማንንም አልጣለም።"

"ኧረ ተው አበልጄ! በእናትህ!" አለና ሊምበርት ቅሉን ተቀብሎ የቀረውን ራሱ ጨለጠው። "እንደ ገባህ አድርግ። እኔ ግን ካንተ ጋር አልጣላም፤ እወቀው" ብሎ ወረደ።

እሱ እንደ ሄደ ዳኒትሳ በሞተሯ መጣች። ሄልሜቷን እንኳ በደንብ ሳታወልቅ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ላቧና አቧራዋ ሸሚዙን አቆሸሸው። "አባዬ! ታሪሃ ልሄድ ነው! ታሪሃ!" ግሮቨር ጭምቅ አድርጎ አቀፋት። እንዲህ ስትደሰት ካያት አንድ ዓመት አልፎታል። ሞተር ያስተማራት እሱ ነው፣ በሰባት ዓመቷ፣ ከሱቁ ጀርባ በአሮጌ ጎማዎች መካከል። "ሁለቱን ጣቶችሽን ከፍሬኑ እንዳታነሺ፤ የእናትሽን እጅ እንደ ያዝሽ ቁጠሪው" ይላት ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያ ጣቶች ተነሥተው አያውቁም።

"ጣቶችሽስ?" አላት።

ክንዷ ከአንገቱ ላይ ላላ። "አየህ?"

"አየሁ።"

"ሌላ ማንም አላየም እኮ።"

"እኔ አይቻለሁ።"

"እሱ ሲጥለኝስ የት ነበርክ?"

"እዚሁ። ያኔ ሕግ አልነበረም።"

"ሕጉን ያመጣኸው አንተ ነህ! እኔ ጠይቄሃለሁ? ጃስማኒ ራሱ ተንሸራተትኩ ብሏል፤ አንተ ከሱ በላይ ልትቆረቆርለት ነው?" ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እንዲያይባት ስላልፈለገች ሄልሜቷን መልሳ አጠለቀች። "እሺ፣ ጻፍ! ደስ እንዲልህ ጻፈው!" ብላ ጋዙን ሰጥታ ወረደች።

ግሮቨር ኩርባው ዳር የተቀበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ደስ እንዲለኝ! ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ደስ ይለዋል? ካርዱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "ምንም የለም" ብሎ ጻፈ። አየው። አጠፋው። ባይጽፍ ማንም አይጠይቀውም፤ ይህን ያውቃል። ግን በሚቀጥለው ዓመት የማንም ልጅ እዚህ ትከሻዋ ሲሰበር ምን ብሎ ካርድ ያወጣል? በመጋቢት ያፈሰሰው እንባ ለማን ነበር ቢሉትስ? ደግሞ ጻፈ፣ ደግሞ አጠፋ። በአምስተኛው ካርዱ ሊቀደድ ሲደርስ "ቁጥር 27፤ ጎማ በጎማ፤ ሆን ተብሎ" ብሎ ፈረመና ሐሳቡን እንዳይለውጥ በሩጫ ወደ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ወረደ።

ጸሐፊዋ ዶኛ ቴኦፊላ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ አውልቀው ጠርገው ደግሞ አነበቡት። "ዶን ግሮቨር፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"ያንብቡት ዶኛ ቴኦፊላ። ቶሎ ብለው ያንብቡት፣ እባክዎ።"

በድምፅ ማጉያው ሲነገር የፑናታ ሰዎች ጮኹ። አንዱ ከወደ አጥሩ "ወይ አባት!" ሲል ተሰማ፤ ያድንቅ ይርገም አልታወቀም። ዳኒትሳ ከሽልማቱ መድረክ ወረደች። ሞተሯን እየገፋች ወደ አባቷ ፒካፕ ሄደች።

ግሮቨር ሞተሩን ሲጭን በአንድ በኩል ያዘችለት። ገመዱንም አሰረች። ግን አልተያዩም። ከዚያ የፒካፑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ጃስማኒ እያነከሰ በሁለት ኩባያ የቀረፋ በረዶ ይዞ መጣና አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለክርስትና አባቱ ሰጠ።

"ለምንድን ነው የዋሸኸው?" አለችው።

"አምና የዋሸሁትን ልመልስ ብዬ።" ልጁ ወደ ግሮቨር ማየት አቃተው። "አምና አልተንሸራተትኩም። አይቼሽ ነው የገባሁት። አሁን እኩል ለእኩል ሆንን ብዬ አሰብኩ።"

"አንተ ዓይን አውጣ!" አለችና ዳኒትሳ በማንኪያዋ ክንዱን መታችው። "እኔም እኮ አይቼህ ነው።"

"አውቃለሁ። ጎኔም ያውቃል።"

እሱ ከሄደ በኋላ በረዶውን በማንኪያዋ እየቆረሰች፣ ወደ ሜዳው እያየች፣ "አባዬ፣ እሱ ቢሆን ኖሮ ትጽፈው ነበር?" አለች።

ግሮቨር ሊዋሽ አሰበ፤ ደከመው። "ሳላስብ ነበር የምጽፈው።"

"እኔንስ?"

"አምስት ጊዜ አጥፍቼ።"

በዚህ መሃል ዶኛ ቴኦፊላ መዝገባቸውን ይዘው፣ ብዕር ጆሯቸው ላይ ሰክተው ደረሱ። ሞተረኞቹን ሁሉ ጠይቀው የቀረቻቸው ዳኒትሳ ብቻ ነበረች። ከኋላቸው ሊምበርት ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መጣ። የግሮቨርን ኩርባ ከአምስተኛው ኩርባ ጋር መለዋወጥ እንደሚቻል፣ ለቤተሰቡ ሰላም እንደሚሻል ሹክ ብሏቸው ኖሯል። ሌላው የሚሰማ ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ መስሎ ገመድ ይፈታል።

"የኔ ልጅ" አሉ ዶኛ ቴኦፊላ፣ "ሦስተኛው ኩርባ። ግሮቨር ክላሮስ። ታምኚዋለሽ ወይስ ለሌላ ቤተሰብ ይለፍ? ተቃወምሽ ብሎ የሚቀየምሽ የለም።"

ግሮቨር ጫማውን አየ። የአባቱ ኩርባ በልጁ አፍ ላይ ነበር፤ ብትነጥቀው እንኳ እንደማይፈርድባት ለራሱ ነገረው።

ዳኒትሳ ብዕሩን ከሴትዮዋ ጆሮ ላይ አነሣች። ከአባቷ ስም ጎን ቁጥሯን ጻፈች፣ 27፤ ከሥሩም ፈረመች።

"እሱ ይቁም" አለች። "በሌላው ኩርባ ላይም እንደሱ ያለ ፈልጉ፤ በሚቀጥለው ዓመት እኔንም የሚጥሉኝ አሉ።"

መዝገቡን መለሰች። ከዚያ ወደ አባቷ ጠጋ ብላ ተቀመጠችና ሳይነካ የቆየ ኩባያውን በክርኗ ገፋ አደረገችው።

"ብላ እንጂ። እየቀለጠ ነው።"