ሰባተኛው ጋቢ

ቦጋለ ሰባተኛውን ጋቢ ከሸማ ዕቃው ላይ ቆርጦ አወረደና፣ እግሮቹን ከሸማኔ ጉድጓዱ ሳያወጣ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። የቀበሌው ዘበኛ ሊወስደው በር ላይ ቆሟል። ጋቢዎቹ ልጆቻቸው ጦር ግንባር ለወደቁ ቤተሰቦች ዛሬ በአዳራሽ የሚሰጡ ናቸው። መጀመሪያ የታዘዘው ስድስት ነበር፤ አንድ ጨምር ሲባል፣ «የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሊቀመንበሩ ፀሐዬ ጫማውን እያየ፣ «የልጅዎ የይገዙ ነው፣ ጋሽ ቦጋለ። ለባለቤትዎ እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል» አለው።

ይህ ከሆነ ሦስት ቀኑ ነው። ሦስቱንም ቀን ሊነግራት አፉን ከፈተና ውሃ አምጪልኝ አላት። መርዶ የሚነገረው ገና ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት በር ላይ ተሰብስቦ ነው። እሱ ብቻውን ከየትኛው ቃል ይጀምር? ደክሞታል። የልጁን ጋቢ ሲሠራ እንኳ አላለቀሰም፤ እጁ የለመደውን ሠራ፤ ዳሩ ላይም እንደ ልማዱ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ጣለበት።

ባለቤቱ ሙሉ ግን «የዘማች ቤተሰቦች» ተብለው ወደ አዳራሹ ከተጠሩ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ልጇ ከሰሜን ከጻፈ ሰባት ወር ማለፉንም ረስታዋለች።

«ልጄ የታወቀ ሰው ሆነ እኮ!»

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርዱ ቦጋለ ወፍጮ ቤቱ ጋ እነግራታለሁ፣ ድልድዩ ጋ እነግራታለሁ እያለ ሲያራዝም አዳራሹ በር ላይ ደረሱ። ፀሐዬ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ነግረዋቸዋል?»

ቦጋለ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ለምን እንደዋሸ ራሱም አላወቀም። ምናልባት አንድ ተጨማሪ ቃል ለመናገር አቅም አጥቶ ይሆናል።

እንደተቀመጡ ክንዷን ያዘ። «ሙሉ...»

«ቆይ፣ እየጀመሩ ነው።»

ድምፅ ማጉያው መጀመሪያ የጠራው እነሱን ነበር። «የጓድ ይገዙ ቦጋለ ቤተሰብ!»

ሙሉ ብድግ ብላ እልል አለች፤ ረጅም የሠርግ እልልታ። ማንም አላጀባትም። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ፀሐዬ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ከሚለው ጨርቅ ሥር ቆሞ ቦጋለን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ አደረገላት።

ፈገግ እንዳለች ተመለሰች። ጣቶቿ ዳር ዳሩን እየዳሰሱ መጡና ሰማያዊዋ መስመር ላይ ቆሙ።

«የይገዙ አባት፣ ይሄ ያንተ እጅ አይደል?»

«የኔ ነው።»

«ለማን ነው የሠራኸው?»

ቦጋለ ተነሥቶ የጋቢውን አንድ ጫፍ ያዘ።

«ለይገዙ» አላት።

ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልወረደም ነበር።