ሳይረጋ የተነበበ

የሥራ ባልደረቦቿ «ፈጣኗ» ይሏታል። ስሙ በክፋት አልወጣላትም። ሌላው ሳምንት ሙሉ የሚታገለውን ሰርኪዩት እሷ በሁለት ቀን አንገቱን አስደፍታው ትነሳለች። አሁን የያዘችው የልብ ትርታ የሚለካ ትንሽ ቺፕ ነው። አሠራሩ ሲያወሩት ቀላል ነው፦ ስዊቹ ይዘጋና ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፣ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ይሞላል፣ ስዊቹ ይከፈታል፣ የሞላው ይነበባል፤ ደግሞ እንደገና። ጣጣው ያለው ጊዜው ላይ ነው። ካፓሲተሩን ቢያሳድጉት ንባቡ ይጠራል፣ ግን ለመሙላት ይንቀረፈፋል። ቢያሳንሱት ይፈጥናል፣ ግን ንባቡን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይረብሸዋል። የሚሞላው ሳይረጋ ስዊቹን ከከፈቱት ደግሞ የሚወጣው ስህተት «ስህተት ነኝ» ብሎ አይጮህም። እንደ ማንኛውም ቁጥር ደረቱን ነፍቶ ይወጣል።

እሷ ግን አቋራጭ ነበራት። ኮምፒውተሩ ስሌቱን እስኪጨርስ ቁጭ ብላ መጠበቅ አይሆንላትም፤ አሞላሉን የሚያሳየው መስመር ስክሪኑ ላይ መውጣት ሲጀምር ታይና የሚያርፍበትን ገምታ ታቋርጠዋለች። ብዙ ጊዜ ይሳካላታል፤ ጉድ የሠራትም ይኸው መሳካቱ ነው። ክፍሉን የሚመሩት ሽማግሌ መሐንዲስ አንድ ቀን ከጀርባዋ ቆመው አዩዋት።

«መጀመሪያ ላይ እኮ የምታዪው ካፓሲተሩን የሚሞላው ማጉያ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲሮጥ ነው፣ ልጄ» አሏት። «ቅርብም ይሂድ ሩቅ፣ አሯሯጡ አንድ ነው። የት እንደሚቆም ገና አልነገረሽም።»

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ቀኑ ደርሶብን እንጂ።»

ማወቁንስ ታውቀው ነበር።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ስትሮክ እስኪጥለው ድረስ መርፌ በከንፈሩ ይዞ እንኳ ወሬ የማያቋርጥ፣ ሱሪው ያልደረሰለትን ደንበኛ በሳቅ የሚሸኝ ሰው ነበር። «አንቺ እኮ ዘጠኝ ወርሽን እንኳ ሳትጨርሺ ነው የመጣሽው፤ ማን እንዳሳደደሽ እስካሁን አልገባኝም» እያለ ያበሽቃት ነበር። ከስትሮኩ ወዲህ ግን አንዲት ቃል ከአፉ እስክትወጣ ሰው አንድ ክፍል ጠርጎ ይጨርሳል። ታናሽ ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ አጠገቡ ይቀመጥና ጥፍሩን እየቆረጠለት ያዳምጠዋል። እሷ አትችልም። አባቷ ከቃል ጋር ሲታገል ስታይ ቀድማ ትጨርስለታለች። «ው...» ሲል ውሃ ታቀርባለች፤ «መስ...» ሲል መስኮቱን ትከፍታለች። እሱም በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። ይህን ፍቅር አይደለም የሚል ካለ ይምጣና እኔን ያስረዳኝ።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ የአባቷ አንጎል ውስጥ ሌላ ደም ሥር መሳሳቱን ለእሱና ለእሷ ነገራቸው። ኦፕራሲዮን ተደርጎለት ከሰመረ ዕድሜ ይጨምራል፣ ካልሰመረ ከአልጋው አይነሳም። ሳይነካ ከተተወ ደግሞ ቤቱ ሆኖ የቆየውን ያህል ይቆያል።

«አእምሮው ደህና ነው፣ ውሳኔውም የሱ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከራሱ አፍ ልስማ።»

ወንድሟ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። እሷም ያን ዕለት ቺፑን የምታስረክብበት ቀን ነበር፤ ስልኳ ኪሷ ውስጥ አላርፍ ብሏል። አባቷ ሐኪሙን አየ፣ እሷን አየ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ...» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ።

ሐኪሙ ጠበቀ። የአባቷ የአንገት ሥር ተገታተረ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ቸፍ አለ። እሷ አላስቻላትም።

«እኔ ልሞክረው ነው የምትለው፤ አይደል አባዬ?»

አባቷ ትክ ብሎ አያት። ቆየና ራሱን ነቀነቀ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። እሷ ግንባሩን ስማ ወደ ሥራዋ በረረች። እዚያ ስትደርስ ሽማግሌው መሐንዲስ ስሌቱ እስከ መጨረሻው ካልሄደ አልፈርምም አሉ። ምን ታድርግ፣ ከሰዓቱን ሙሉ እጇን አጣጥፋ መስመሩ እስኪረጋ ጠበቀች።

አባቷ ከኦፕራሲዮኑ አልነቃም።

ከተቀበረ በኋላ ወንድሟን የአባታቸው ክፍል ውስጥ፣ ስፌት መኪናው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ አብጧል።

«እታለም፣ ራሱ ነው አይደል የመረጠው?» አላት። «እሱን ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል። ምን ብሎ ነገራችሁ? ቃል በቃል ንገሪኝ፣ መንገድ ላይ ብቻዬን ስሆን እንድይዘው።»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ውሸቱ እንዲያውም ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን የሚጠይቃት ሰው ወንድሟ ነው።

«‹እኔ› አለ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ... እኔ ጨረስኩለት።»

ወንድሟ አልጮኸባትም። ፊቱን በመዳፉ ጠረገና እንደ ሕፃን ልጅ ሽቅብ አያት።

«እሱስ ምን ሊል ነበር?»

«አላውቅም» አለችው።