ባለ ስድስት ሚሊው ላሜራ

እኔ ፈሪ ነኝ። ሰው እንዳይናገረኝ ቀድሜ እናገረዋለሁ። ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ከሁሉ በፊት የምጮኸው እኔ ነኝ። ባሌ ሌሊሳ "ያንቺ ልብ የዶሮ ነው" እያለ ይቀልድብኛል። ዶሮ ግን ቢያንስ ትንጫጫለች፤ እኔ ያን ሐሙስ ጀላል ጋራዥ ውስጥ አፌን ይዤ ቆምኩ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ወር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ቆላ ወርደው ለሚያክሙ ሐኪሞች መኪና ስትፈልግ የምትጠራው ሌሊሳንና አሮጌ ላንድክሩዘራችንን ነው። ያኔ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሞቹ እዚያው ቀርተው ሁለታችን ብቻ ስንመለስ፣ አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ከስራችን "ዷ!" አለ። ጥርሴ ተጋጨ። ሌሊሳ ወርዶ፣ ተንበርክኮ አየ። ዘይት አይንጠባጠብም፣ ሞተሩም ይሠራል። "ምንም የለም" አለና ጉዟችንን ቀጠልን።

እሁድ በጉባኤ ምስክርነት ያለው ሲባል ሌሊሳ ተነሣ። ሊዋሽ ብሎ አልተነሣም፤ ይህን እኔ አውቃለሁ። ግን ለዚያ ጉዞ ሦስት ቀን የጾመው የእናቱ የእትዬ አጸደ የጸሎት ቡድን ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፣ ማይኩ እጁ ላይ ነው፣ ሰዉም በየቃሉ "አሜን!" ይላል። ሞቅ ሲለው "መኪናችንን ከስሯ ጠጠር እንኳ አልነካትም!" አለ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እኔም እጄን አንሥቼ አሜን አልኩ።

አሁን ደግሞ እትዬ አጸደ ራሳቸው ስድስት እኅቶችን ይዘው ቅዳሜ ወደዚያው ቆላ ሊወርዱ ነው። መንገዱን ዝናብ ስለበላው ከመኪናዋ ሆድ ስር መከላከያ ይሠራላት ተባለ። እኔ አልሄድም ብያለሁ። ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ ተረኛ ነኝ አልኩ። ተረኛ አልነበርኩም። ከዚያ ድምፅ ወዲህ በዚያች መኪና ሩቅ መሄድ እፈራ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት እኔ፣ ሌሊሳና እትዬ አጸደ ዊንጌት አጠገብ ያለው የጀላል ጋራዥ ደረስን። ጀላል ሌሊሳን ለዓመታት የሚያውቀው ዝምተኛ መካኒክ ነው። ሦስት መከላከያ መሬት ላይ ዘረጋልን።

"ይሄ አሉሚኒየም ነው፤ ቀላል ነው፣ አይዝግም። ሹል ድንጋይ ግን ይጎዳዋል። ይሄ ባለ ሦስት ሚሊ ላሜራ ነው፤ ቢጎብጥም ቶሎ አይቀደድም። ይሄኛው ባለ ስድስት ሚሊ ነው። ይሄን ድንጋዩ ራሱ ይፈራዋል፤ ክብደቱ ግን ወደ አርባ ኪሎ ይጠጋል።"

"አርባ ኪሎ ምን ላይ ነው የሚንጠለጠለው?" አሉ እትዬ አጸደ።

"ከፊት ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ብረት አለ እማማ። ሸክሙ እሱ ላይ ነው።" ጀላል ወደ ሌሊሳ ዞረ። "ከስር ተመትታ ታውቃለች? ብረቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ይሄ ሸክም መንገድ ላይ ይዞት ይወርዳል። ላሜራው መሬት ከቆፈረ ደግሞ መኪናዋ ትገለበጣለች።"

ሌሊሳ እናቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"አልተመታችም" አለ።

"ጠጠር እንኳ አልነካትም!" አሉ እትዬ አጸደ ኮራ ብለው። "በጉባኤ ፊት መስክሯል።"

"በቃ እንግዲያው። ጭቃውን ፍቄ ማየት ነበረብኝ፤ ግን ሌሊሳ ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ነው፣ ቃሉ ይበቃኛል።"

ተናገሪ፣ ተናገሪ አልኩ ለራሴ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አሉሚኒየሙ አይሻልም? እ... ማለቴ፣ ቀለሙም ያምራል።"

መኪና ሆድ ስር ገብቶ ቀለም የሚያይ ማን እንደሆነ እንጃ።

"ሔሉ፣ የሰው ልጅ ይዤ ነው የምሄደው" አሉኝ እትዬ አጸደ። "በነፍስ ነገር ቀላሉ አይመረጥም። ወፍራሙ ይሁን።"

ጀላልና ባልደረባው ኑሕ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ከስር ገቡ። ላሜራውን ሽቅብ ሲገፉት አቃሰቱ። እኔ የሌሊሳን እጅጌ ጎተትኩ።

"ንገራቸው" አልኩ በሹክሹክታ።

"እማዬ ፊት እንዴት ብዬ? ነገ ብቻዬን መጥቼ አሳየዋለሁ።"

"ነገ ጁምዓ ነው። ጀላል ዓርብ እንደማይከፍት ታውቃለህ። ቅዳሜ ደግሞ በጠዋት ነው የምትነሡት።"

ብርድ ነበር፤ እሱን ግን አላበው። አንደኛው ብሎን ጠበቀ። ሁለተኛው ጠበቀ። እትዬ አጸደ ከፊት ወንበር ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እኅቶቹም ከኋላ እየዘመሩ ወደዚያ ወንዝ ሲወርዱ ታየኝ። ሾፌሩም የልጄ አባት ነው። ሦስተኛው ብሎን ተጀመረ።

"ተመትታለች!" ብዬ ጮህኩ። "ወንዙ ላይ! ሁለታችንም ሰምተናል!"

መፍቻው ቆመ። ጀላል ላሜራውን አወረደ። ጭቃውን በካቻቢቴ ሲፍቅ ቆየ።

"ሌሊሳ፣ ና እጅህን ስጠኝ" አለ ከስር።

ሌሊሳ ገባ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ጥፍሩ ስንጥቁ ውስጥ እንደገባ በኋላ ነገረኝ።

"ስንጥቁ ከግማሽ በላይ ሄዷል" አለ ጀላል። "ይሄን ሸክም ጨምሬበት ልሸኛችሁ ነበር። በእኔ እጅ!"

ሌሊሳ መሬት ላይ ተቀመጠ። "እማዬ፣ ይቅር በይኝ" አለና አለቀሰ። እናቱ እጃቸውን ራሱ ላይ አደረጉ። ተመስገን፣ አለፈ ብዬ ልተነፍስ ስል ወደ እኔ ዞሩ።

"ቅዳሜ ተረኛ ነኝ ያልሽኝ እውነትሽን ነው?"

ተጨማሪ ውሸት የምሸከምበት አቅም አልነበረኝም። "አይደለም" አልኩ። "መኪናዋን ፈርቼ ነው።"

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

"ለራስሽ ፈራሽ" አሉ። "ለእኔስ ልጄ፣ አልፈራሽልኝም?"

መልሴን አልጠበቁም። በሩ ጋ ቆመው ጉዞው መቅረቱን ሊነግሩ ለእኅቶቹ ተራ በተራ ደወሉ። በእያንዳንዱ ስልክ አሁን ስሜን ይጠራሉ እያልኩ ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ለአንዳቸውም ስሜን አልጠሩም። ስምንት ሰው ከሞት ተርፎ ሳለ፣ ያን ጊዜም የፈራሁት ለራሴ ነበር።