ጥላ የሌላቸው በሬዎች

"ቁጭ በሉ! ሶፋ ላይ ተቀምጦ እርሻ ማየት የዚህ ቤት ዕድል ነው!" አለ ሂርጳ፣ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር እያገናኘ።

የአባቱ የበንቲ ሙት ዓመት ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለውን የአጎቱን የአባባ ጉተማን ሳሎን ሞልቶታል። ሂርጳ አባቱን ከነበሬዎቹ በአኒሜሽን እንደሚያሳያቸው ሰፈሩን ሲያስጎመጅ ከርሟል። "ኮምፒውተሬ ፀሐይ አምጦ ይወልዳል!" እያለ።

ማማጡስ እውነት ነው። ሬንደር የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ምስል ለብቻዋ ይዞ፣ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ፣ ምን እንደሚጋርደው ነጥብ በነጥብ እያሰላ ይስላል። ለአንዲት ሰከንድ ሃያ አራት ምስል! የሂርጳ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ አንዷን እስኪጨርስ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። ቀኑ ሲደርስበት ሂርጳ ብልጠት አማረው። ሥራውን የሚያከብደውን ጥላ አጠፋው። ማን ልብ ይለዋል?

ጎረቤታቸው እትዬ አምሳለ፣ በንቲ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ስክሪኑ ላይ እንደታየ፣ ልብ አሉት።

"ውይ፣ ቁርጥ በንቲ! ግን ሂርጳዬ፣ ጥላቸው የታለ? መንፈስ አስመሰልካቸው እኮ!"

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሂርጳን ምላሱ ቀደመው።

"ቀትር ነዋ እትዬ! በዚያ ፀሐይ ጥላም ተቃጥሎ ያልቃል!"

"በቀትር ነው እንዴ የሚያርስባቸው?" አለ የአክስቱ ልጅ ነገሪ። "ምነው፣ በንቲ አዛኝ ነበር ስትሉን!"

አባባ ጉተማ አልሳቁም። ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩ።

"እኔማ፣ ፀሐይ ሲበረታ ፈትቶ ግራሩ ሥር የሚያሳርፋቸው ይመስለኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እንግዲህ ኮምፒውተሩ ካለ... እርጅና ነው፣ ረስቼው ይሆናል።"

የሂርጳ ጆሮ ጋለ። ያ ግራር ሥር፣ በሬዎቹ እያመሰኩ፣ አባቱ ጭን ላይ ስንቴ እንቅልፍ ወስዶታል! አሁን ሟቹን ጨካኝ፣ ሽማግሌውን ዝንጉ አድርጎ ቁጭ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ነገሪም ወሬ ቀይሯል።

ሂርጳ ገመዱን ነቀለ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ።

"አባባ፣ እርስዎ አልረሱም" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው። "ቀትርም አይደለም። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ጥላውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሂርጳ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥላውን መለሰው። ማጓራቱ ጀመረ።

"ግራሩ" አለ፣ ወደ አባባ ጉተማ ዞሮ፣ "ከማሳው በየት በኩል ነበር?"