የእህቴ ጆሮ

ቀናተኛ ነኝ። ገና ከጅምሩ ልናገረውና ይውጣልኝ። የምቀናው በእህቴ ባል ነው፤ እሱም እንደኔ ሠዓሊ ነው። የሠፈሩ ሰው «ፀሐዩ» ይለዋል፤ ከብርሃን ሌላ ነገር ሲሥል ያየው የለማ። ብሩሽ አያያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይህን ለሰው ይናገራል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገራል። እሱ ራሱ ያናድደኛል።

ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ያለች ክፍል ተጋርተን እንሠራለን። ክፍሏ ያላት መስኮት አንድ ነው፤ መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ደግሞ እሱ። ማን አስቀመጠው? እኔው። «እኔ ፎቶ እያየሁ ነው የምሠራው፣ አምፖል ይበቃኛል» ብዬ በገዛ አፌ ለቀቅኩለት። የኔ ሥራ የጡረተኛ፣ የሙሽራና የሟች መልክ ነው። ደንበኛ ፎቶ ያመጣል፣ አሳድጌ እሥልለታለሁ፤ ፊቱ ላይ ኪንታሮት ካለም ሳልጠየቅ አጠፋለታለሁ። እሱ ግን አንድ ባዶ ቢጫ ጀሪካን መስኮቱ ላይ ያስቀምጥና ፀሐይ ውስጡ እስክትገባ አገጩን ይዞ ይጠብቃል። ስትገባ ሩብ ሰዓት ይሠራል። ከዚያ ብሩሹን ያጥባል።

«በቃ?» እለዋለሁ።

«ሄደች እኮ ጋሼ» ይለኛል፣ ዘመድ የሸኘ ይመስል። እኔ እስከዚያ አንድ ጡረተኛ ጨርሻለሁ።

ይህ ሰው አንድ ቀን እህቴን ሣላት። ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነው። ፀሐይዋ በጆሮዋ አልፋ ትመጣለች፤ ጆሮዋ ቀይ ሆኖ በርቷል፣ ደሙ ሲዘዋወር የሚታይ ነው የሚመስለው። ቆሜ አየሁት። ይህችን ልጅ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። ያንን ጆሮ አጥቤዋለሁ፣ ስታጠፋም ቆንጥጬዋለሁ፤ እንዲህ እንደሚበራ ግን አንድም ቀን አላየሁም። እኔ ለሠርጓ የሣልኩላት ምስል ቤታቸው ኮሪደር ውስጥ ተሰቅሏል፣ በሩ ሲከፈት ይሸፍነዋል።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ።

«አገጯ ትንሽ ረዝሟል» አልኩት። አልረዘመም።

የዓመቱን ዐውደ ርዕይ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሥራ ሊመርጡ መጡ። የኔን አራት ሥዕሎች ባዶ ግድግዳ እንደሚያልፍ ሰው አለፏቸው። የእህቴ ሥዕል ጋ ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ፤ አንዷ ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። የሱ ተመረጠ። እኔን ሲወጡ «ይበርቱ» አሉኝ። ይበርቱ! በሃምሳ ስምንት ዓመቴ!

ለካ ይህ ሁሉ ሲሆን የፀሐዩ ዓይን በሞራ እየተጋረደ ኖሯል። እሱ ትንሽ ደከመኝ ይል ነበር እንጂ ነገሩን አላወቀም። ሐኪም ሲያየው ሳይውል ሳያድር ይውጣ አለ። ሁለቱንም ዓይኖቹን በየተራ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሁለት ወር ያህል ቤት ዋለ። ሲሄድ፣ ዐውደ ርዕዩ እስኪከፈት እዚሁ የሚቆየውን ሥዕሉን እያሳየኝ «ጋሼ፣ እሷን አደራ» አለኝ።

አደራዬን በላሁ። ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግራጫ ቀለም በዘይት አቅጥኜ ጆሮዋን፣ ትከሻዋንና መስኮቱን በስሱ ቀባኋቸው። ሥዕሉ እንዳለ ነው፤ ብርሃኑ ብቻ ጠፋ። ውጭ የደመነ ይመስላል። ራቅ ብዬ አየሁትና ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ፀሐዩ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ። «ጋሼ! አስፋልቱ እኮ ሰማያዊ ነው! ሸሚዝህ ነጭ ነው ለካ!» ብሎ አቀፈኝ። ከዚያ ሥዕሉ ፊት ቆመና ሳቁ ጠፋ። ቀረበ፣ ራቀ፣ አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ፣ ደግሞ ሌላውን።

«እንዲህ ነበር የሣልኩት?» አለ።

እኔ የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን ማጥበቅ ያዝኩ።

«በሞራ ውስጥ ሆኜ ነዋ የሣልኩት። ለኔ ሲበራልኝ ሌላው ሰው ጭቃ ነበር የሚያየው። እነዚያም ዓይኔን አይተው አዝነውልኝ ነው የመረጡኝ፣ ምስኪን ዓይኑ ሊጠፋ ነው ብለው።» ወደ እኔ ዞረ። «ያልዋሸኸኝ አንተ ብቻ ነህ ጋሼ። አንድ ቀን ጎበዝ ብለኸኝ አታውቅም። ልክ ነበርክ።»

ስንት ዓመት የጓጓሁለት ቃል ነው። ልክ ነበርክ። አሁን ደግሞ አልዋሽም፣ ጣመኝ።

እሱ ብሩሾቹን መሰብሰብ ያዘ። «መስኮቱ ያንተ ነው። እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ሸራው ለጡረተኞችህ ይሁንህ፣ ነጭ ልቀባልህ» አለና ሰፊውን ብሩሽ ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረው። ብሩሹ ወደ እህቴ ፊት ሄደ። ጆሮዋ ጋ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው እጁን ለቀም አደረግኩት።

«ተው!»

«ምነው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ትናንት። ቀንቼብህ ነው።»

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእውነት እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት የቀና ሰው ቢያንስ አንድ ጥፊ ይገባዋል። ዓይኔን ስገልጥ ጨርቅ ቀለም በሚያስለቅቀው ተርፔንታይን ነክሮ የጆሮዋን ጫፍ እየጠረገ ነው። ግራጫው ገና ስላልደረቀ ወዲያው ለቀቀ። ቀዩ ወጣ።

«አለ!» ብሎ ጮኸ። «ጋሼ፣ አለ እኮ! ናማ እየው!» እያለቀሰ ይስቃል። ትከሻዬን ሳመኝ። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣውም። በሕይወቴ ከሠራሁት ክፋት ሁሉ የከፋውን ሠርቼበት በአንድ ደቂቃ ረሳልኝ። በዚህም ቀናሁበት።

ጠርጎ ሲጨርስ ጨርቁን ሊጥለው አለና ተወው። ወደ መስኮቱ ወስዶ ግራጫውን አተኩሮ ያይ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይሄ ግራጫ ግን... እኔ ጥላ ስሠራ አንድ ቀን እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ሞቅ ያለ ነው፣ ሰውነት አለው። ከምን ከምን ነው የቀላቀልከው?»

የጡረተኛ ኮት የምቀባበት ግራጫ ነው። ሠላሳ ዓመት ለፍቼበታለሁ፤ ሞቅ ያለ መሆኑን አይቶ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ነጭ» አልኩት፣ «ጥቁር፣ ትንሽ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ያነሰ ቡኒ።»

ወረቀት ፈልጎ እንደ ተማሪ ጻፈው። «በቃ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው» አልኩት።

የሚያሞቀውን ጠብታ ቀይ አልነገርኩትም።