ያልታጠበው ሳህን

ላብራቶሪ ውስጥ «ወይዘሮ ሳሙና» ይሏታል፤ ቢሏትም እውነታቸውን ነው። በንጽሕና ቀልድ አታውቅም። ዘበኛ ሴሎቹ ያደሩበትን ፈሳሽ ጠዋት ጠዋት ትደፋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ከዚያ በአዲስ ፈሳሽ ከቲ ሴሎቹ ጋር ታገናኛቸዋለች። ሁለቱም የሰውነት በሽታ ተከላካዮች ናቸው፤ ዘበኞቹ ቀስቃሽ፣ ቲ ሴሎቹ ተዋጊ። እነዚህ ተዋጊዎች ግን እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።

የሌላ ሰው ቢሆኑ እንዲህ ባልተብሰለሰለች። የታናሽ ወንድሟ ናቸው። ነቅተው ከተባዙ ካንሰሩን እንዲዋጉለት መልሰው ሰውነቱ ውስጥ ይከቷቸዋል፤ ካልነቁ ሌላ መላ የለም።

ከሰዓት ሆስፒታል ስትሄድ የሟች እናታቸውን ሻርፕ ይዛለት ሄደች፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ። ወንድሟ አፍንጫው ላይ አድርጎ አሸተተውና መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ምነው?»

«አጠብሽው እንዴ፣ እቴቴ?»

«ታዲያ ከነቆሻሻው ላምጣልህ?»

«እማዬ ነበረችበት እኮ።» ሊስቅ ሞከረ። «ግድ የለም። አንቺን ካልያዙሽ እኔንም አጥበሽ ታሰጪኛለሽ።»

ታክሲ ውስጥ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። ቀስ እያለ ግን ሌላ ነገር ከነከናት። ያ የምትደፋው ፈሳሽ ውስጥስ ምን ነበረበት? ዘበኞቹ ሲበሉ ሲያብላሉ ነው የሚያድሩት፤ ከዚያ የሚለቋቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎች እዚያው ይቀራሉ። እሷ እቴ፣ እጣቢ ብላ ትደፋቸዋለች። ቲ ሴሎቹ የሚጠብቁት እነሱን ቢሆንስ?

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በማግስቱ በአንዱ ሳህን ያሉትን ዘበኞች እንደ ልማዷ አጠበች፤ በሌላው ዘበኞቹን ከነፈሳሻቸው ቲ ሴሎቹ ላይ ገለበጠች።

ከቀናት በኋላ በማይክሮስኮፕ ስታይ የታጠበው ሳህን እንደተኛ ነው። ባልታጠበው ውስጥ ቲ ሴሎቹ አብጠው፣ ተሰባስበው፣ እየተባዙ ነው። አለቃዋ አየና «እንድገመው» አለ፤ የሱ ደስታ እንዲህ ነው። ደገሙት። ነቁ።

«ነቁልህ» አለችው ወንድሟን።

«ምን አድርገሽ?»

«ሳላጥብ ቀርቼ።»

«አንቺ?» ጎኑን ይዞ ሳቀ። መንገዱ ገና ሩቅ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እጇን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው።

ስትወጣ በሩ አጠገብ ያለው ቧንቧ ጋ ቆመች። ሁልጊዜ እዚያ ትታጠባለች። መዳፏን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ የወንድሟን ሽታ ሳበችና ሳትታጠብ ወደ ቤቷ ሄደች።